ሽማግሌ የማይዘጋው ክስ



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እርቅ ትልቅ ክብር አለው። ይሁንና «ጠልፏት ነበር፤ አሁን ተጋብተዋልና ነገሩ አልቋል» የሚለውን አነጋገር ሕጉ ራሱ ይደግፈው ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ልጅ በፈቃዷ ካገባችው ጠላፊውን ከክስ ያድነው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቅዶ ነበር።

ዛሬ ይህ የለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ኋላ ቢጋቡም ከቅጣት አያመልጥም።

እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን ቤተሰብ ያስታርቁ፤ ቂም ያብርዱ። የልጅቱን አቤቱታ ግን ማንም በእርቅ ስም አይሸፍንባት። ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንምና።