የኖርዌይኛ ጥምር ስሞች ቀለምና አነባበብ

ኖርዌይኛ ሁለትና ከዚያ በላይ ቃላትን ያለ ክፍተት ገጥሞ አዲስ ስም የሚያወጣ ቋንቋ ሲሆን፣ የጥምሩን ጾታ የሚወስነው የመጨረሻው ክፍል፣ አነባበቡን በይበልጥ የሚመራው ግን የመጀመሪያው ነው። ዋናው አጽንዖት በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው ቀለል ያለ ንዑስ አጽንዖት ይዞ ይቀራል። «ላመሎር» በአንድ ዋና አጽንዖት ሲነገር የጠቦት ታፋ ማለት ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸውን አጽንዖት ይዘው «ላመ ሎር» ሲባሉ ግን ሽባ የሆኑ ጭኖች ማለት ይሆናል። ስለዚህ በጽሑፍ ጥምሩን መነጠል ተራ የአጻጻፍ ግድፈት ሳይሆን ሌላ ነገር መናገር ነው።

ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰባሰብ የድምፅ ክፍል፣ አጽንዖት ሲያርፍበት ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ አናባቢው አጥሮ ተከታዩ ተናባቢ ይጠብቃል፤ «ታክ» አናባቢው ሲረዝም ጣሪያ፣ ተናባቢው ሲጠብቅ ምስጋና ነው። ማጥበቅና ማላላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ባይሆንም፣ የግዕዝ ፊደል የማያሳየውን ጥብቀት ኖርዌይኛ ተናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ያሳየዋል። በመጋጠሚያው ላይ ግን ሦስት ተመሳሳይ ተናባቢዎች ሲገናኙ አንዱ ይጣላል፦ በሁለት «ት» የሚጻፈው «ናት» (ሌሊት) በ«ት» ከሚጀምረው «ቶግ» (ባቡር) ጋር ሲገጠም የሚቀሩት ሁለት «ት» ብቻ ስለሆኑ፣ አንባቢው መጋጠሚያውን ራሱ ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው የተናባቢዎች ክምችት ነው። «አንግስት» (ጭንቀት) እና «ስክሪክ» (ጩኸት) ሲገጠሙ «ንግ» እንደ አንድ ድምፅ ስለሚነገር በሁለት አናባቢዎች መካከል ስድስት የተናባቢ ድምፆች ይደረደራሉ። አማርኛ እንዲህ ያለውን ድርድር በሳድስ አናባቢ ስለሚሰብር፣ ሁለት ቀለም ብቻ ያለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪ አንደበት አራት፣ አምስት ቀለም ሊሆን ይችላል፤ የቀለሙ ድንበር በትክክል በመጋጠሚያው ላይ መሆኑን ያወቀ ግን ሁለቱን ክፍሎች ሳይቀላቅል ያወጣቸዋል። ይህ ድንበር ሁልጊዜ ዝግ አይደለም፤ በምሥራቅ ኖርዌይ «ቮር» (ጸደይ) እና «ሱል» (ፀሐይ) ሲገጠሙ «ር» እና «ስ» ተዋህደው «ቮሹል» የሚመስል ድምፅ ይሰጣሉ፤ «ር»ን ከጉሮሮ በሚያወጡት የበርገን ከተማ ነዋሪዎች ዘንድ ግን ውህደቱ የለም።

ቃናም አለ፤ ቃላት የሚነገሩባቸው ቃናዎች ሁለት ናቸው። በስቶክሆልም ስዊድንኛ ጥምር ስም በጥቅሉ ሁለተኛውን ቃና ሲይዝ፣ በኦስሎ ግን ቃናው በመጀመሪያው ክፍል ይወሰናል። ኖርዌይ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ደጋግሞ የሚሰማው «ባርነሃገ» ከ«ባርን» (ልጅ)፣ ከአያያዡ «ኧ» እና ከ«ሃገ» (የአትክልት ቦታ) የተገጠመ ነው፤ «መዋዕለ ሕፃናት» የሚለውም ስም መጀመሪያውን ክፍል በዚያው «ኧ» ማያያዙ የሚያስደንቅ ግጥምጥሞሽ ነው። በኦስሎ አነጋገር «ባ» ይረዝማል፣ «ርን» ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ እንደ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ ቃናውም ከፍ ብሎ ጀምሮ ከወረደ በኋላ በመጨረሻው ቀለም እንደገና ይነሣል፤ ይህ መነሣት ለአዲስ ጆሮ ጥያቄ ቢመስልም ተናጋሪው የሚናገረው ተራ ዐረፍተ ነገር ነው።