የሜዳ አህያውና የአምባር ራስ

በ1621 (እ.ኤ.አ.) ለሕንዱ የሙጋል ንጉሥ ለጃሃንጊር ከሀበሻ ምድር የመጣ አንድ የሜዳ አህያ ቀረበለት። በሰውነቱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ መስመር ያስገረማቸው አንዳንድ ሰዎች በቀለም የተቀባ ነው ብለው ጠረጠሩ። ንጉሡ ነገሩ ተመርምሮ የተፈጥሮ መልኩ መሆኑን ሲረዳ በማስታወሻው መዘገበው፤ ሠዓሊው መንሱርም እንስሳውን ከኮፈኑ እስከ ሰኮናው ሣለው። ያ ሥዕል ዛሬ ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እንስሳው ግን ለፋርሱ ሻህ አባስ ከተላኩት ስጦታዎች አንዱ ሆነ።

የአሣሣሉ ብልሃትም ቢሆን ከፋርስ የመጣ ነበር። የጃሃንጊር አያት ሁማዩን ዙፋኑን ተነጥቆ በሻህ ጣህማስብ ዘንድ ከተጠጋ በኋላ፣ ሚር ሰይድ ዓሊና አብዱልሰመድ የተባሉ ሁለት የፋርስ ሠዓልያን ወደ እርሱ አገልግሎት መጡ። ይዘውት የመጡት ጥበብ የደመቀ ቀለም፣ የረቀቀ መስመርና ጥላ የሌለው ምስል ነበር። የሁማዩን ልጅ አክባር በእነርሱ መሪነት የሕንድ ሠዓልያንን አሰባስቦ፣ 1400 ያህል ሥዕሎች የነበሩትን «ሐምዛናማ» አሠራ፤ ሥራው 15 ዓመት ያህል ፈጀ። ጃሃንጊር ግን በብዛት አልተማረከም። የሰው ፊት፣ ወፍና አበባ እንደሚታዩ ሆነው እንዲሣሉ ይሻ ነበር፤ የአንዱን ሠዓሊ እጅ ከሌላው ለይቼ አውቃለሁ እያለም ይኩራራ ነበር።

ይሁንና ይኸው እውነት ወዳድ ንጉሥ ሌላም ሥዕል አሠርቷል። ማሊክ አምባር በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠ፣ በኋላ ግን በደካን የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ለመሆን የበቃ፣ የሙጋልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀ ሰው ነው። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን በሣለው ሥዕል ላይ፣ ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ በተሰካው የአምባር ራስ ላይ ቀስቱን ያነጣጥራል። ሥዕሉ ደብሊን፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ይህ ከቶ አልሆነም። ለአንድ እንስሳ መስመር ምርመራ ያስፈለገው ንጉሥ፣ ለጠላቱ ራስ ሲሆን ምኞቱ በቃው።

አምባር በ1626 በእርጅና ዘመኑ፣ ሳይያዝና ሳይማረክ ሞተ። ሃሺም ሣለው የሚባል፣ ከዚያው ቤተ መንግሥት የወጣ ሌላ ሥዕል አለ፤ በዚህኛው አምባር ሰይፉን ይዞ በሙሉ ቁመናው ቆሟል፤ ራሱም በትከሻው ላይ ነው።