ሐሳቡን የለወጠው የፊደል ሰው

ለጉባኤ ፖስተር ስትሠሩ አይቻችኋለሁ። አንዱ «ርእሱ መሃል ይሁን» ሲል ሌላው «የለም፣ ወደ ግራ ይጠጋ» ይላል። በዚህ ክርክር ዕድሜውን የፈጀ አንድ ጀርመናዊ ነበር፤ ላጫውታችሁ።

ያን ቺኮልድ በ1902 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ተወለደ። አባቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ስለነበር ልጁም የጥንቱን የፊደል አጣጣል በብዕር ተማረ። በ1923 ግን ቫይማር ሄዶ የባውሃውስ ትምህርት ቤትን ኤግዚቢሽን ሲያይ የለመደው ሁሉ አሮጌ መሰለው። በ1928 «አዲሱ ታይፖግራፊ» የተባለ መጽሐፉን አወጣ። ትእዛዙ ቆራጥ ነበር፦ ጌጥና ሐረግ ይቅር፤ ፊደሉ ጫፉ ላይ ቅጥያ የሌለው ይሁን፤ ጽሑፍ መሃል ላይ አይደርደር፤ ባዶው ቦታም ሥራ ይሥራ። የወረቀት መጠንም ወጥ እንዲሆን ተሟገተ፤ ዛሬ ፕሮግራም የምታትሙበት ኤ4 የመጣው ከዚያው የጀርመን ደረጃ ነው። ትልልቅና ትንንሽ ሆሄ መለየትም ትርፍ ነው አለ። (በዚህስ የእኛ ፊደል ቀድሞታል!)

ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። የዘመኑ ማስታወቂያ በልዩ ልዩ ፊደል ስለሚታጨቅ አንባቢው ዋናውን ነገር ለማግኘት ይዳክር ነበር። ቺኮልድ ሙኒክ ለሚገኝ ሲኒማ ቤት የሠራቸው ፖስተሮች ግን በጥቂት ቃላት፣ በፎቶግራፍና በሰያፍ መስመር ይናገራሉ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ «የባህል ቦልሼቪክ» ብለው አሰሩት፤ የመምህርነት ሥራውንም አጣ። ከሳምንታት በኋላ ሲፈታ ባለቤቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ወደ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ተሰደደ።

እዚያ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ቀስ በቀስ ወደ ጥንቱ ፊደልና መሃል ላይ ወደሚያርፈው ርእስ ተመለሰ። በ1946 ማክስ ቢል የተባለ የስዊዘርላንድ ንድፍ ሠሪ «ያመነበትን ከዳ» ብሎ በጽሑፍ ወቀሰው። ቺኮልድ የመለሰው መልስ ይገርማል። ያ የወጣትነት እንቅስቃሴያችን ሌላውን የማይታገሥ፣ ሁሉን እንደ ወታደር ማሰለፍ የሚወድ ስለነበር ካሳሰሩኝ ሰዎች መንፈስ ጋር ይመሳሰላል አለ። እኔ ንጽጽሩ የከበደ ይመስለኛል፤ ፖስተር መሥራትና ሰው ማሰር ለየቅል ናቸው። አዲሱ ስልት ለፋብሪካ ዕቃ ማስታወቂያ ቢስማማም ለሰዓታት ለሚነበብ መጽሐፍ አይሆንም ያለው ግን እውነት ነው። ገጹ ዓይንን ከያዘው ቃሉን ማን ያነበዋል?

ከ1947 እስከ 1949 እንግሊዝ አገር በፔንግዊን አሳታሚ ድርጅት ሠራ። የድርጅቱን ዓርማ፣ ያቺን ወፍ፣ እንደገና ሣላት። ከ500 በላይ ርካሽ መጻሕፍትን ገጽ አስተካከለ፤ አራት ገጽ የምትሆን የአቀማመጥ ደንብም ጻፈ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግን በትልልቅ ሆሄያት መካከል ያለውን ክፍተት በዓይን መመዘን አልሆነላቸውም። እርሱም ደጋግሞ ማረም ሲሰለቸው «ክፍተቱን ለዓይን አስተካክሉ» የሚል የጎማ ማኅተም አስቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ በየእርማቱ ወረቀት ላይ መምታት ብቻ ሆነ።