የአረጋውያን መኖሪያ ንድፍና የነዋሪዎች ማኅበራዊ ትስስር

የአረጋውያን መጦሪያ ተቋም ሲታቀድ በቅድሚያ የሚታሰበው የአልጋው ቁጥር፣ የሕክምናው አገልግሎትና የንጽሕናው አጠባበቅ ነው። የነዋሪዎቹ እርስ በርስ መቀራረብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰፊ አዳራሽ ተትቶ ይቀራል። አዳራሹም በበዓል ቀን ይሞላል፤ በሌላው ቀን አረጋውያኑ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ሥፍራ ይሆናል።

ለዚህ ችግር በሕንፃ ንድፍ መፍትሔ ከፈለጉት ተቋማት መካከል በኔዘርላንድስ፣ በአምስተርዳም አቅራቢያ በዌስፕ ከተማ የሚገኘው ሆግዌይክ በስፋት ይታወቃል። ነዋሪዎቹ ጽኑ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ናቸው። ቀደም ሲል በቦታው የነበረው የሆስፒታል መልክ ያለው ባለፎቅ መጦሪያ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ወላጆች በዚያ ለማኖር ይፈቅዱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መወያየታቸው ለለውጡ መነሻ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ግንባታው ሲጠናቀቅ 23 ቤቶች የነበሩት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቤት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች የአኗኗር ልማዳቸው እየታየ እንዲኖሩ ተደርጓል። ምግቡ ከማዕከላዊ ወጥ ቤት አይመጣም፤ በየቤቱ ይበስላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አስቤዛ የሚገዛው በግቢው ውስጥ ካለው ሱፐርማርኬት ነው። ነዋሪው ከሠራተኛዋ ጋር ለመግዛት ሲወጣ መንገዱን፣ አደባባዩንና የአትክልት ሥፍራውን ያቋርጣል፤ በዚያም ጎረቤቱን ያገኛል። የንድፉ ዋነኛ ብልሃት ይኸው ነው፤ ሰው እንዲገናኝ አይታዘዝም፣ መውጫ ምክንያት ይሰጠዋል። ቤቶቹ ራሳቸው የግቢው አጥር ሆነው በመሠራታቸው ነዋሪው ሳይጠፋ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ምግብ ቤቱና ቴአትሩ ደግሞ ለአካባቢው ሕዝብም ክፍት ናቸው።

አሠራሩ ብዙ ሠራተኛና ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ነው። በር የተዘጋበትም ለመርሳት ሕመምተኞች ስለሆነ ለጤነኛ አረጋውያን ያው ሊገለበጥ አይገባም።

ሆኖም በአገራችን ተመሳሳይ ተቋም ለማሠራት የዲዛይን ቢጋር የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። የሱፐርማርኬቱን ሥራ ቡና ሊሠራው ይችላል። ከአንድ አዳራሽ ይልቅ በየጥቂት ቤቱ መካከል ጭሱ የሚወጣበት የቡና ማፍያ ጥላ፣ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ከመኝታ ክፍሉ እስከዚያ የሚያደርስ ደረጃ የሌለው መንገድ ቢካተት አረጋዊው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከክፍሉ ይወጣል። ሽንኩርት መላጥና ምስር መልቀም የለመዱ እናቶችም ወጥ ቤቱ በአቅራቢያቸው ከሆነ እጃቸውን አጣጥፈው አይውሉም። የውጪው በር ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድና ወደ ዕድር ስብሰባ የሚያመራውን መንገድ እንዲያይ ማድረግ በወረቀት ላይ ሳለ የአንድ መስመር ለውጥ ነው፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ግን ግንብ ማፍረስ ይጠይቃል።