ሁለተኛው ዋንጫ

ባለፈው ሰሞን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር የአንድ ፊልም ፖስተር ላከልኝና "ቲቸር፣ ይሄ ፊልም ጥሩ ነው አይደል? ይኸው ቅጠሉ አለበት" አለኝ። ቅጠል ያለው ፖስተር ላይ የሚደረደረውን የፌስቲቫል ምልክት ነው። ለእሱ ቅጠሉ ካለ ፊልሙ ተመዝኗል፣ አልፏል፣ አለቀ። ፊልሙን ስላላየሁት ስለ ፊልሙ የምለው አልነበረኝም። ስለ ቅጠሉ ግን ነበረኝ። መልሱ ሲረዝምብኝ ለሁላችሁም ይድረስ ብዬ እዚህ አመጣሁት። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ።

እንደምታውቁት የታሪክ መምህር እንጂ የፊልም ሃያሲ አይደለሁም። ግን ይሄ የፌስቲቫል ነገር ሲመረመር እኛም ውስጡ አለንበት። የት ቦታ ላይ እንዳለን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው።

በየመጽሐፉና በየዶክመንተሪው የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ የዘለቀው የመጀመሪያው ትልቅ የፊልም ፌስቲቫል የቬኒስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሊዶ በምትባለው ደሴት፣ በኤክሰልሲየር ሆቴል ሰገነት ላይ ተጀመረ። ከጀማሪዎቹ ዋናው ካውንት ጁሴፔ ቮልፒ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት የሊቢያዋ የትሪፖሊታኒያ ቅኝ ገዥ፣ በኋላም የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። (በነገራችን ላይ ዛሬም ቬኒስ ላይ ለምርጥ ተዋናይና ተዋናይት የሚሰጠው ዋንጫ "የቮልፒ ዋንጫ" ነው የሚባለው። ስሙን የቀየረው የለም።) ከዚያ ትልቁ ሽልማት "የሙሶሊኒ ዋንጫ" ሆነ። ሁለት ነበር፤ አንዱ ለምርጥ የውጭ ፊልም፣ ሁለተኛው ለምርጥ የጣልያን ፊልም።

በ1938 የውጭው ዋንጫ ለሌኒ ሪፈንሽታል "ኦሊምፒያ" ተሰጠ። የበርሊን ኦሊምፒክን የሚያሳይ የናዚ ጀርመን ፊልም ነው። ፈረንሳዮቹ፣ እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ "ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ዶክመንተሪስ ከልብ ወለድ ጋር እንዴት ይወዳደራል?" ብለው ተቆጡ፣ ጥለውም ሄዱ። ፊሊፕ ኤርላንዤ የሚባል ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ባቡር ላይ "ለምን ነፃ የሆነ ፌስቲቫል አይኖረንም?" ብሎ አሰበ። የትምህርት ሚኒስትሩ ዣን ዜ ሐሳቡን ደገፈው። ካን ተመረጠች፤ መክፈቻው መስከረም 1 ቀን 1939 ሊሆን ተቆረጠ። በዚያው ቀን ሂትለር ፖላንድን ወረረ። ፌስቲቫሉ ቀረ፤ በትክክል የተጀመረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ነው።

ቆንጆ ታሪክ ነው። ነፃ ሰዎች ከፋሺስቶች ድግስ ተነስተው ወጡና የራሳቸውን ቤት ሠሩ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማውቀው።

ጥያቄው ግን ሁለተኛው ዋንጫ የት ሄደ የሚለው ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መድረክ የጣልያኑን የሙሶሊኒ ዋንጫ ማን ወሰደ?

"ሉቻኖ ሴራ፣ ፓይለት" የሚባል ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ፣ መሪ ተዋናዩ አሜዴዎ ናዛሪ። ዩቲዩብ ላይ ያለ ትርጉም ጽሑፍ፣ ጣልያንኛውን እየገመትኩ አየሁት። ታሪኩ የአንድ ፓይለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረረ፣ ከዚያ ሰላሙ አልስማማ ብሎት ቤተሰቡን ጥሎ ወደ ደቡብ አሜሪካ የሄደ፣ እዚያም ያልቀናው። በመጨረሻ ክብሩን የሚመልሰው የት መሰላችሁ? ኢትዮጵያ ላይ። ስሙን ለውጦ ለወረራው ይዘምታል። ልጁም ፓይለት ሆኖ እዚሁ ነው። የጣልያን ወታደር የጫነ ባቡር ላይ ኢትዮጵያውያን አደጋ ሲጥሉ ልጁ ይቆስላል፣ አባት የልጁን አውሮፕላን አስነስቶ እርዳታ ያመጣል፣ ይሞታል፣ ሜዳሊያ ይሰጠዋል። ተመልካቹ የሚያለቅሰው ለአባትና ለልጅ ነው። ባቡሩን የሚያጠቁት እኛ ነን። እኛ በዚህ ፊልም ውስጥ ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደምንተኩስ የሚናገር የለም። ጥቁር ነገር ከድንጋይ ኋላ ብቅ ይላል፣ ይተኩሳል፣ ይወድቃል።

የሚያሳዝነው ደግሞ በሙያ ደረጃ መጥፎ ፊልም አለመሆኑ ነው። አወራረዱ ጥሩ ነው፣ ናዛሪም ዓይን ይይዛል። መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የፊልሙ የበላይ ተቆጣጣሪ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ነው፤ አዎ፣ የዱቼው ልጅ። ይህ ሰው ራሱ በ1928 ዓ.ም. በሰማያችን ላይ የቦምብ አውሮፕላን ሲያበር የነበረ ነው። ከተመለሰ በኋላ ስለዚያ በረራ መጽሐፍ ጻፈ፤ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው "በአምባዎች ላይ በረራ" እንደማለት ነው። ቦምብ መጣሉን የተረከው ሰው ጨዋታ ሲተርክ እንደሚተርከው ነው። የጣለበት ሰው ቤት ግን የማን ቤት እንደነበር አይነግረንም።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እንደማደርገው የሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። የቬኒስ ፌስቲቫል የሚካሄደው በነሐሴ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ።

መጋቢት 1928 ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሦስት ወር ቆይቶ በነሐሴ የጣልያኑን ዋንጫ የወሰደው "ነጩ ስኳድሮን" ነው። ሊቢያ በረሃ ላይ አማፂ የሚያሳድዱ የጣልያን ግመለኞች ታሪክ። የካቲት 12 ቀን 1929 የአዲስ አበባ ሕዝብ በአካፋና በዶማ ሳይቀር ተጨፈጨፈ፤ ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዋንጫው ለ"ሺፒዮ አፍሪካዊው" ሆነ። የጥንቷ ሮም ካርታጎን፣ የዛሬዋን ቱኒዚያ ማለት ነው፣ እንዴት እንደረታች የሚያሳይ ነው፤ አፍሪካ ድሮም የእኛ ነበረች ለማለት የተሠራ። ነሐሴ 1930 "ሉቻኖ ሴራ"። ነሐሴ 1931 ደግሞ "አቡነ መሲያስ"። ይህ የመጨረሻው የካርዲናል ማሳያ ታሪክ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንግሥና ዘመን የነበሩት፣ ዐፄ ዮሐንስ ከአገር ያስወጧቸው ካቶሊካዊ ሚስዮናዊ። ዳይሬክተሩ ያው አሌሳንድሪኒ ነው። ሚስዮናዊው በፊልሙ ለጣልያን መምጣት መንገድ ጠራጊ ሆነው ነው የቀረቡት።

አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ፣ አራቱም አፍሪካን ስለመያዝ። ሁለቱ በቀጥታ ስለ እኛ። ይሄ አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ።

"እና ሃያሲዎቹ ምን ሲሠሩ ነበር?" ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ሁሉ እምብርትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጀርመን ውስጥ ጎብልስ በኅዳር 1936 እ.ኤ.አ. የጥበብ ሂስን በአዋጅ ከለከለ። ከዚያ ወዲያ ጋዜጠኛው ስለ ፊልሙ "መግለጽ" ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ መመዘን አይችልም። ጣልያን ውስጥ እንዲህ ያለ አዋጅ አላስፈለገም። "ቺኔማ" የሚባለውን የዘመኑን ዋና የፊልም መጽሔት ከ1938 ጀምሮ የሚመራው ማን ነበር? ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ። ፊልሙን የሚቆጣጠረውም፣ ሃያሲውን የሚቀጥረውም እሱ ነው። ዋንጫው ደግሞ በአባቱ ስም ነው። በዚህ ላይ እንግዲህ "ፊልሙ ኢትዮጵያውያንን ሰው አድርጎ አላየም" ብሎ የሚጽፍ ይገኛል?

ተመልሰን ስለ ጥለው ስለወጡት እናውራ። በሚያዝያ 1938 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከሙሶሊኒ ጋር ውል ተፈራርማ ነበር፤ በውሉ ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን "ግዛት" ለማወቅ ተስማማች። አራት ወር ቆይቶ ነው እንግዲህ የቬኒሱ ነገር። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ እዚያው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። እነ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ፣ እነ በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ ጦርነት ላይ ናቸው። ፊልሙ ያለቀ ድል አድርጎ ያሳየው ጦርነት አላለቀም ነበር። አሜሪካ የጣልያንን ግዛት አላወቀችም፤ ይሄን መካድ አይገባም። ነገር ግን በካን ታሪክ ውስጥ የቁጣው ምክንያት ተብሎ የሚጠራው "ኦሊምፒያ" ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው ዋንጫ ተቆጥቶ ተነሳ የተባለ አላነበብኩም። የጀርመን ሯጭ ተሸለመ ተብሎ ፌስቲቫል ተመሠረተ፤ የሞቱ ኢትዮጵያውያን ግን ከግርጌ ማስታወሻ አልወጡም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው ለፊልም አፍቃሪዎቹ ነው። የ"ሉቻኖ ሴራ"ን ስክሪፕት ከጻፉት አንዱ ወጣቱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው። ያው "ሮም፣ ክፍት ከተማ"ን የሠራው፤ ናዚ ሮምን ሲይዝ ሕዝቡ ያየውን መከራ የሚያሳየውን ድንቅ ፊልም። ያ ፊልም በ1946 በመጀመሪያው ካን ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሆነ። ማለትም ነፃ ነው በተባለው አዲስ ቤት ውስጥ ከተሸለሙት አንዱ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የሙሶሊኒን ዋንጫ ባገኘው ፊልም ላይ እጁ ያለበት ሰው ነው። እኔ ሮሴሊኒን ለመክሰስ አይደለም። ሰው ይለወጣል፣ እሱም የተለወጠ ይመስለኛል። "ሮም፣ ክፍት ከተማ"ን ያየ ሰው ይሄን አይክድም። የገረመኝ፣ ወራሪ በሰው አገር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንዲያ አድርጎ ለማየት ወራሪው ራሱ ቤቱ እስኪመጣ መጠበቁ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሃያሲው በፌስቲቫል ላይ ጥርስ አወጣ። ፍራንሷ ትሩፎ በ1958 ሂሱ መረረ ተብሎ ካን መግቢያ ካርድ ነፈገችው፤ በዓመቱ "አራት መቶ ዱላዎች" በሚለው ፊልሙ የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት ወሰደ። በ1960 ደግሞ የአንቶኒዮኒ "ላቬንቱራ" አዳራሽ ውስጥ በጩኸት ሲሰደብ፣ በማግስቱ ዳይሬክተሮችና ሃያሲዎች ፈርመው መግለጫ አወጡለት፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ሮሴሊኒ ነበር። ፊልሙ የዳኞችን ሽልማት አገኘ። አንቶኒዮኒ ራሱ በወጣትነቱ እዚያው "ቺኔማ" መጽሔት ላይ ይጽፍ የነበረ ነው። ዓለሟ ጠባብ ናት።

አሁን ወደ ራሳችን። ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከ"ሉቻኖ ሴራ" ልክ ሰባ ዓመት በኋላ፣ በዚያው በሊዶ ደሴት የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በዓመቱም ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ጨመረ። "ጤዛ"ን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ ወደ ጎንደር መንደሩ ሲመለስ፣ መንደሩ አጠገብ በሙሶሊኒ ስም የሚጠራ ተራራ አለ። አባቱ ጣልያንን ሲዋጋ ነው የሞተው። ኃይሌም ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ ነበሩ፣ "ጎንደሬ በጋሻው"ን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ብዙ ሰው "ጤዛ"ን የደርግ ፊልም አድርጎ ነው የሚያየው። አይፈረድበትም፣ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። እኔ ግን ያንን ተራራ ሳይ የማስበው ሌላ ነው። "ሉቻኖ ሴራ" ውስጥ አባትየው ሞቶ ለልጁ ሜዳሊያ ያወርሰዋል። "ጤዛ" ውስጥም አባት ሞቷል፣ ልጅ ቀርቷል፤ ልጁ የወረሰው ግን በገዳዩ ስም የሚጠራ ተራራ ነው። ኃይሌ ያንን የድሮ ፊልም አስቦ ይሁን አይሁን የእኔ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ግን ማይጨውንም የካቲት 12ንም የሚያውቅ ሃያሲ ያስፈልጋል። ያ ሃያሲ ደግሞ ከፓሪስ አይመጣም፤ ከእናንተ መካከል ነው መምጣት ያለበት። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ፊልም፣ ቴአትር፣ ታሪክ የምታጠኑ አላችሁ። ለመመረቂያ ርዕስ ጠፋ የምትሉኝ፣ ይኸው ርዕስ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። "ሉቻኖ ሴራ"ም "አቡነ መሲያስ"ም የተቀረጹት በከፊል እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ የሚታዩት ብዙዎቹ ሰዎች የእኛ አያቶችና ቅድመ አያቶች ናቸው። በዚያ ዘመን "ጣልያን ሰብስቦ ሲኒማ ሲያነሳን" የሚል ወሬ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ የሰማ ካለ፣ የሰማውን እንደሰማው ይጻፍልኝ። ቦታው የት እንደነበር፣ ተከፍሏቸው ይሁን ተገደው፣ ምን ልበሱ እንደተባሉ። ኮሜንት ላይ ማስቀመጥ ያልፈለገ በውስጥ ይላክልኝ።