በንጋት ጨለማ የተደበቀው ውድድር፦ የእንግሊዝ አማተር የጎዳና ብስክሌት ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አማተር ብስክሌተኞች በሕዝብ ጎዳና ላይ በአንድነት ተነስተው መሽቀዳደም አይፈቀድላቸውም ነበር። በዚያው ዘመን ፈረንሳይ ከ1903 ጀምሮ ቱር ደ ፍራንስን፣ ጣሊያን ከ1909 ጀምሮ ጂሮ ዲታሊያን ታካሂዳለች፤ ውድድሩ በሚያልፍበት መንደር ሁሉ ሕዝቡ ከደጁ ወጥቶ ያጨበጭባል። የእንግሊዝ ተወዳዳሪዎች ግን ጎህ ሲቀድ፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ሳያያቸው ይነሱ ነበር። ይህን እገዳ የጣለው ፓርላማ አይደለም፤ ፖሊስም አይደለም። ብስክሌተኞቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ በ1878 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት የብስክሌት ማኅበር ይባል ነበር፤ በ1883 ስሙን ለውጦ የብሔራዊ ብስክሌተኞች ማኅበር ሆነ። በጊዜው የነበረው ብስክሌት የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ ነበር፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውም ሰው ከፈረሰኛ እኩል ከፍ ብሎ ይታያል። መንገዱ ደግሞ የፈረስና የሠረገላ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ የሚመጣ ፈጣን ነገር ፈረሱን ያስደነብራል፤ ባለሠረገላው ይሳደባል፤ ዳኛውም አብዛኛውን ጊዜ ከባለሠረገላው ጋር ይወግናል። በ1888 የወጣ አንድ ሕግ ብስክሌትን እንደማንኛውም ሠረገላ ቆጥሮ በመንገድ የመጠቀም መብት ሰጠው። ለማኅበሩ ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ያንኑ ያህልም አዲስ ሥጋት አመጣበት። የተሰጠው መብት እንዳይነጠቅ የሚፈሩት የማኅበሩ ሹማምንት፣ በጎዳና ላይ የሚሽቀዳደሙትን የገዛ አባሎቻቸውን እንደ ጠላት ያዩአቸው ጀመር።

ሥጋታቸው እውን የሆነው በጁላይ 1894 ነው። ኖርዝ ሮድ የተባለው ክለብ ከለንደን ወደ ሰሜን በሚወስደው ታላቁ ጎዳና ላይ የ50 ማይል፣ ማለትም የ80 ኪሎ ሜትር ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ አንዲት ሴት የተቀመጠችበትን ሠረገላ ሲያልፉ ፈረሱ ደነበረ፤ እነርሱም ተደራርበው ወደቁ። የከፋ ጉዳት አልደረሰም፤ ሴትዮዋ ግን ለፖሊስ አመለከተች። ፖሊስ ውድድሮችን ማስቆም ጀመረ። ለዓመታት ሲያመነታ የቆየው ማኅበርም ከዚህ ወዲያ የጎዳና ሽቅድምድምን ፈጽሞ ከለከለ፤ መወዳደር የሚሻ ወደ ተከለለ የመም ሜዳ ይሂድ አለ።

በዚያ ውድድር ከተካፈሉት አንዱ ፍሬድሪክ ቶማስ ቢድሌክ ነበር። ቢድሌክ የሦስት እግር ብስክሌት ተወዳዳሪ፣ የሰዓት ያዥና ጸሐፊ ነው፤ ከማኅበሩ ጋር መጣላትም አልፈለገም፣ ጎዳናውንም መተው አልሆነለትም። ያገኘው መላ ቀላል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በአንድነት ካልተነሱ፣ እያንዳንዱ በተለያየ ደቂቃ ለብቻው ከሄደና ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ከተፎካከረ፣ ለሚያየው ሁሉ በጧት ተነስቶ መንገዱን የሚሄድ አንድ ብስክሌተኛ እንጂ ውድድር አይመስልም። ኦክቶበር 5 ቀን 1895 ኖርዝ ሮድ ክለብ በዚህ ዘዴ የ50 ማይል ውድድር አካሄደ። ዛሬ የብስክሌት ሰዎች ክሮኖ የሚሉት ውድድር በእንግሊዝ ሥር የሰደደው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚህ መላ የበቀለው ልማድ በስፖርት ታሪክ ውስጥ አምሳያው ጥቂት ነው። ውድድሩ የሚካሄደው እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ለተወዳዳሪው የሚላከው ወረቀት ምስጢር መሆኑ ተጽፎበታል፤ የቦታው ስም በግልጽ አይነገርም። እያንዳንዱ መንገድ በፊደልና በቁጥር የተሠራ መለያ ተሰጠው፤ ፊደሉ አውራጃውን፣ ቁጥሩ መንገዱን ያመለክታል፤ ቁልፉን የሚያውቁት የክለብ ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋዜጦች አስቀድመው እንዲጽፉ አይፈቀድም። ተወዳዳሪው ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር መልበስ አለበት፤ ስስ ጥቁር ኮትና ጥቁር ጠባብ ሱሪ የዘመኑ መለዮ ነበር። ጀርባው ላይ ቁጥር አይለጠፍም። ብስክሌቱ ላይ ደወል መኖሩ ይመረመራል፣ ደወል የሌለው አይነሳም። ሰዓት ያዡ በመንገዱ ዳር ይቆማል፣ ረዳቱ ብስክሌቱን ከኋላ ደግፎ ይይዛል፤ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይቆጠሩና ተወዳዳሪው ይለቀቃል። ከደቂቃ በኋላ የሚቀጥለው ይነሳል። አንዱ ሌላውን ቢደርስበት ከኋላው ተጠግቶ በነፋስ ከለላው መጠቀም ክልክል ነው፤ አልፎት ይሄዳል እንጂ አብሮት መንዳት ያስቀጣል።

ሰዎቹ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ቅዳሜ እስከ ቀትር ሠርተው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ውድድሩ ቦታ በዚያው በሚወዳደሩበት ብስክሌት ይጓዛሉ። የውድድሩን ቀላል ጎማዎች ግን በመንገድ እንዳይጎዱ ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ በሚታሰር መያዣ ላይ አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር፤ በቦታው ሲደርሱ ከባዶቹን ፈትተው እነዚያን ይገጥማሉ። አንዳንዱ ርካሽ አልጋ ይከራያል፣ አንዳንዱ ገለባ ላይ ያድራል። ጧት ተወዳድሮ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጎማውን መልሶ ቀይሮ ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ሰኞ በሥራው ላይ ይገኛል። የአማተርነት ሕጉ ጥብቅ ስለነበር የገንዘብ ሽልማትም፣ ለብስክሌት ፋብሪካ ማስታወቂያ መሥራትም አልተፈቀደለትም። አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ድካም የሚያገኘው አንዲት ሜዳሊያና የራሱን ሰዓት ነበር። ይህን ያህል ፍቅር ያለው ስፖርት ተሸሽጎ መኖሩ ያሳዝናል።

ልማዱ በ1922 የራሱን ምክር ቤት አቋቋመ፤ ከ1930 ጀምሮም ሳይክሊንግ የተባለው መጽሔት በተለያየ ርቀት አማካይ ፍጥነታቸው የበለጠውን የሚሸልም የዓመቱን ፉክክር አስጀመረ። ያፈራቸውንም ሰዎች መካድ አይቻልም። ሬይ ቡቲ በኦገስት 1956 100 ማይልን በ3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከእርሱ በፊት በውድድር ከ4 ሰዓት በታች የገባ አልነበረም። የነዳውም ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ነበር። ከእርሱ በላይ የምትታወሰው የዮርክሻየሯ ቤሪል በርተን ናት፤ እርሷም እስከ መጨረሻው አማተር ሆና በእርሻ ሥራ እየደከመች የኖረች ሴት ናት። በ1967 በተደረገ የ12 ሰዓት ክሮኖ ላይ የወንዶቹን መሪ ማይክ ማክናማራን ደረሰችበት። ማክናማራ ያን ቀን የወንዶቹን ክብረ ወሰን በመስበር ላይ ነበር። በርተን ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችውና አልፋው ሄደች። እርሱ 276.52 ማይል፣ እርሷ 277.25 ማይል፣ ማለትም 446 ኪሎ ሜትር ነድተው ጨረሱ። ሴት በወንዶች ክብረ ወሰን ላይ የበላይ ሆና የታየችበት እንዲህ ያለ ጊዜ በስፖርት ብርቅ ነው።

ይሁን እንጂ ልማዱ የሚያስከፍለው ነበረ። የዓለም አማተር የጎዳና ሻምፒዮና በ1921ና በ1922 በሰዓት ተካሄደ፤ በ1922 ውድድሩ እንግሊዝ አገር ሲደረግ ዴቭ ማርሽ አንደኛ፣ የአገሩ ልጆች ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ። ከ1923 ጀምሮ ሻምፒዮናው በጋራ መነሻ ሲሆን የእንግሊዝ የበላይነት አከተመ። በእጅብታ መካከል ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ መንዳት፣ ለማፈትለክ ጊዜ መምረጥ፣ ጉልበትን ለመጨረሻው ፍትልክያ ቆጥቦ መያዝ በብቸኝነት ከሰዓት ጋር በመታገል የሚለመድ ጥበብ አይደለም። ማኅበሩ በተዘጉ የመኪና መወዳደሪያ መሞች ላይ ጥቂት የጋራ ውድድሮችን ቢፈቅድም፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ መንደርና ገበያ ያለበት እውነተኛ ጎዳና ግን እንደተከለከለ ቆየ። ፈረሱ ከመንገድ ጠፍቶ መኪና ከተተካ በኋላ እንኳ ሹማምንቱ የ1894ቱን ቅሬታ አልረሱም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው።

ይህን እገዳ የተጋፈጠው ፐርሲ ስታላርድ የተባለ የዎልቨርሃምፕተን ሰው ነው። የብስክሌት መደብር ነበረው፤ በ1933 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በ1934 ጀርመን ውስጥ በዓለም ሻምፒዮና ተካፍሎ በውጭ አገር ሕዝቡ ውድድሩን እንዴት እንደሚወደው በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቤንዚን በራሽን ሆነና መንገዶቹ ከመኪና ነጻ ሆኑ። ስታላርድ በ1941 መጨረሻ ላይ ለማኅበሩ ጻፈ፤ የጋራ መነሻ ውድድርን በጎዳና ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም አለ። መልሱ እምቢታ ነበር። ስታላርድ ግን ሹማምንቱ ለሃምሳ ዓመት ያልሞከሩትን አንድ ነገር አደረገ፤ ውድድሩ ወደሚያልፍባቸው አውራጃዎች ፖሊስ ሄዶ ጠየቀ። ፖሊስ አልተቃወመም።

ጁን 7 ቀን 1942 ከ30 በላይ ተወዳዳሪዎች ዌልስ ውስጥ ካለችው ላንጎለን ተነስተው 95 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ዎልቨርሃምፕተን ነዱ። በመጨረሻው ቦታ በከተማዋ መናፈሻ አጠገብ ከሺህ በላይ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ሕዝቡን ወደ ኋላ እየመለሰ መንገድ ያስከፈተውም ያ ለዘመናት የተፈራው ፖሊስ ነው። አልበርት ፕራይስ የከተማውን ልጅ ሴሲል አንስሎን በፍትልክያ ቀድሞ አሸነፈ። ከውድድሩ የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮች መርጃ ተሰጠ። ፈረስ አልደነበረም፣ ሰው አልተጎዳም፣ የተከሰሰም የለም። ማኅበሩ ግን ስታላርድንና አብረውት የተገኙትን አገደ።

የታገዱት ሰዎች በኖቬምበር 1942 የራሳቸውን ድርጅት፣ የብሪታንያ ተወዳዳሪ ብስክሌተኞች ሊግን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠብ መራራ ነበር። በሊጉ ውድድር የታየ ሰው በማኅበሩና በክሮኖው ምክር ቤት ውድድሮች እንዳይካፈል ይታገዳል፤ አንድ ክለብ ለሁለት ይከፈላል፤ የቆየ ወዳጅነት ይፈርሳል። ሳይክሊንግ መጽሔት ለዓመታት የሊጉን ውድድር ችላ ብሎ አለፈ። የሊጉ ልጆች ከክሮኖው ጥቁር ልብስ ይልቅ እንደ ፈረንሳይና ጣሊያን ተወዳዳሪዎች በደማቅ ቀለም ማሊያ ይታዩ ነበርና ማን የማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ሊጉ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሆኖም ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ከብራይተን እስከ ግላስጎው አገሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያቋርጥ የብዙ ቀን ውድድር አዘጋጀ፤ ያሸነፈውም ፈረንሳዊው ሮቤር ባቶ ነበር። የብሪታንያ ዙር የሚባለው ውድድር ከዚህ የበቀለ ነው። በ1951 ዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ ወጪውን ሸፍኖ በስሙ ሲካሄድ ስኮትላንዳዊው ኢያን ስቲል አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ስቲል በዋርሶ፣ በበርሊንና በፕራግ መካከል የሚደረገውንና የዓለም ታላቅ የአማተር ውድድር የነበረውን የሰላም ውድድርን አሸነፈ፤ ቡድኑም በቡድን ደረጃ አንደኛ ወጣ። ሊጉ በተመሠረተ በ10 ዓመቱ ይህን ማሳየቱ ክርክሩን በተግባር ዘግቶታል ማለት ይቻላል።

በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳናው ውድድር 187 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ርቀት ነበረው፤ ያኔም ለአማተሮች ብቻ የተፈቀደ ነበር። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ አንደኛ ሲሆን እንግሊዛዊው አላን ጃክሰን ነሐስ አገኘ፤ ብሪታንያም በቡድን ከፈረንሳይ ቀጥላ ብር ወሰደች። በዚሁ ውድድር ኢትዮጵያም ነበረች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የዋለው ይህ ኦሊምፒክ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ነው፤ የላከቻቸውም ሯጮች ብቻ ሳይሆኑ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሩ። እነርሱ የመጡበት የብስክሌት ባህል ጣሊያኖች በአሥመራ ያስለመዱት የጋራ መነሻ ውድድር ስለነበር፣ እንግሊዞቹ ሃምሳ ዓመት የተጣሉበት ጉዳይ ለእነርሱ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ማኅበሩና ሊጉ በ1959 ተዋህደው የብሪታንያ ብስክሌት ፌዴሬሽን ሆኑ። ስታላርድ ውህደቱን እንደ ክህደት ቆጠረው፤ በ2001 እስኪሞት ድረስም አቋሙን አልለወጠም። የክሮኖው ምክር ቤት ለብቻው ቀጠለ፤ ጥቁሩ ልብስና ምስጢሩ ቀርተው መለያ ፊደልና ቁጥሮቹ ግን ዛሬም ይሠራባቸዋል። መንግሥት የብስክሌት ውድድርን በጎዳና ላይ የሚመለከት ዝርዝር ደንብ ያወጣው በ1960 ነው። የቀድሞዎቹ ሹማምንት ስድሳ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት የመንግሥት ሕግ በመጨረሻ ሲመጣ ውድድሩን አልከለከለም፤ አዘጋጁ ለፖሊስ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና የተወሰኑ ግዴታዎችን እንዲያሟላ ብቻ አዘዘ።