የፓቶሎጂ ናሙናና ውጤት ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል?

በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ ከሰውነት የተወሰደ ናሙና፣ ውጤቱ ስለተጻፈ ብቻ ሁሉም ወዲያው አይጣልም። ከፊሉ ለቀናት፣ ከፊሉ ደግሞ ለዓመታት በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይቀመጣል። በሽታው ቢመለስ ወይም ሌላ ሐኪም ማማከር ቢያስፈልግ፣ ታካሚው እንደገና ባዮፕሲ እንዳይደረግለት የሚያድነው ይህ የተቀመጠ ናሙና ሊሆን ይችላል።

ላቦራቶሪው የሚያስቀምጠው ምንድን ነው?

• እርጥብ ናሙና፦ ለምርመራ ከተቆረጠው የተረፈውና ፎርማሊን ውስጥ ያለው የሰውነት ክፍል ነው።
• ብሎክ፦ ከናሙናው የተመረጠ ትንሽ ቁራጭ በፓራፊን ሰም ውስጥ ገብቶ የጠጠረ ነው።
• ስላይድ፦ ከብሎኩ እጅግ ስስ ሆኖ የተቆረጠው ቅጠል በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት መስታወት ነው።
• የጽሑፍ ውጤት፦ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ያየውንና የደረሰበትን የሚገልጽ ሰነድ ነው።

የማቆያ ጊዜው ስንት ነው?

ለሁሉም አገር የሚሠራ አንድ ሕግ የለም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ስላይድና የጽሑፍ ውጤት ቢያንስ 10 ዓመት፣ ብሎክ ቢያንስ 2 ዓመት፣ እንደ ማህፀን በር ምርመራ ያሉ የሳይቶሎጂ ስላይዶች ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጣሉ። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ዕውቅና የሚሰጣቸው ላቦራቶሪዎች ግን ብሎክንም 10 ዓመት እንዲያቆዩ ይጠበቅባቸዋል፤ እርጥብ ናሙናን ደግሞ የመጨረሻው ውጤት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት። በእንግሊዝ የፓቶሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ ለብሎክ ቢያንስ 30 ዓመት ይመክራል።

ልዩነቱ ምክንያት አለው። እርጥብ ናሙና ብዙ ቦታ ይይዛል፤ የፎርማሊን ትነትም ለጤና ጎጂ ነው። ብሎክ ግን ትንሽ ነው፤ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

ብሎኩ በኋላ ምን ይሠራል?

• ለሁለተኛ አስተያየት፦ ሌላ የፓቶሎጂ ሐኪም ምርመራውን እንዲያረጋግጥ።
• ለተጨማሪ ምርመራ፦ ለምሳሌ በጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይና የሄር ቱ ምርመራ የሚሠራው ከብሎኩ ነው። የመድኃኒቱ ምርጫም በዚህ ይወሰናል።
• ለንጽጽር፦ ከዓመታት በኋላ የታየው እብጠት የቀድሞው በሽታ መሆን አለመሆኑን ለመለየት።

ታካሚና ቤተሰብ ምን ያድርጉ?

1. የባዮፕሲ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የላቦራቶሪውን ስም ይመዝግቡ። ያለ ቁጥሩ ብሎክ መፈለግ አድካሚ ነው።
2. የውጤቱን ወረቀት ዕድሜ ልክ ያስቀምጡ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ላቦራቶሪው የመዝገብ ጊዜውን ቢጨርስ እንኳ የእርስዎ ቅጂ ይኖራል።
3. ውጤቱን ሲቀበሉ ብሎኩ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ሊሰጥዎ እንደሚችል ይጠይቁ።
4. ስለ ውጤቱ ጥርጣሬ ካለ አይዘግዩ። እርጥብ ናሙናው ከተወገደ በኋላ ተጨማሪ ቁራጭ መውሰድ አይቻልም።
5. ወደ ሌላ ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄዱ ከሆነ፣ ከውጤቱ ወረቀት ጋር ስላይዱንና ብሎኩን ይዘው መሄድ ይኖርብዎት እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ብሎክ ሲወስዱ ፈርመው ይቀበሉ፤ ምርመራው ሲያልቅም የተረፈው እንዲመለስልዎ ይጠይቁ።
6. ብሎክን ፀሐይ ላይ ወይም በሞቀ መኪና ውስጥ አይተዉ፤ ሰሙ ሊቀልጥ ይችላል። ስላይድ እንዳይሰበር በጠንካራ ማስቀመጫ ይያዝ።
7. የተቆረጠ እግር ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ለመቅበር የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ታካሚው በሕይወት ባይኖርም ብሎኩ ዋጋ አያጣም። በቤተሰቡ የሚተላለፍ የካንሰር ዝንባሌ ከተጠረጠረ፣ ከተቀመጠው ናሙና ዘረ መል መመርመር የሚቻልበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ ብሎክ በቤትዎ ካለ፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይጣሉት።